የሰርቨር ዲስኮችን ፈርምዌር በየትኛው መንገድ እናዘምን?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ ለደንበኞቹ አንድ አስደንጋጭ ማሳሰቢያ አወጣ። አንዳንድ የሳስ ኤስኤስዲዎች (ሳስ በሰርቨሮች የሚለመድ የዲስክ ማገናኛ ነው) ሠርተው 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ የሚል ነበር። 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት መሆኑ ነው። ከቆሙ በኋላ ዲስኩም፣ ላዩ ላይ ያለው ዳታም አይመለስም። መፍትሔው ሰዓቱ ሳይሞላ ፈርምዌሩን፣ ማለትም ዲስኩ ውስጥ ሆኖ ዲስኩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ኤችፒዲ8 ወደተባለው ቨርዥን ማሳደግ ብቻ ነበር። በማርች 2020 ደግሞ ሁለተኛ ማሳሰቢያ ወጣ። ይህኛው በ40,000 ሰዓት ስለሚቆሙ ሌሎች ሞዴሎች ነበር።

በጣም የሚያስፈራው ሬይድ፣ ማለትም ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዲተርፍ ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ የማሠራት ዘዴ፣ እዚህ ላይ አለማዳኑ ነው። ሬይድ የተሠራው ዲስኮች በተለያየ ጊዜ ይበላሻሉ በሚል ግምት ነው። በአንድ ቀን ተገጥመው አብረው የሠሩ ዲስኮች ግን ሰዓታቸው የሚሞላውም አብረው ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እዩ። የሲጌት ባራኩዳ 7200.11 ዲስኮች በፈርምዌር ስህተት ምክንያት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጭራሽ የማይታዩበት ችግር ነበረባቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ማስተካከያ አወጣ። ያ የመጀመሪያ ማስተካከያ ግን ራሱ አንዳንድ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስኮችን ከሥራ ውጭ አደረገ። ተነስቶ በሌላ መተካት ነበረበት።

እንግዲህ ባለማዘመን ዳታ ይጠፋል፤ በማዘመንም ይጠፋል። ስለዚህ መንገዶቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሥራው መሀል ላይ ቢበላሽ በእጄ ምን ይቀራል? ፍጥነቱና ምቾቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ላዘምን ወይስ ልተወው?

«የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚሉ አሉ። «ሁሌም የመጨረሻውን ቨርዥን ጫን» የሚሉም አሉ። በሁለቱም አልስማማም። የምወስነው ከፈርምዌሩ ጋር የሚመጣውን የለውጥ ማስታወሻ አንብቤ ነው። ትልልቆቹ የሰርቨር አምራቾች አጣዳፊነቱን በደረጃ ይጽፉታል። አጣዳፊ፣ የሚመከር ወይም በምርጫ የሚጫን ይሉታል።

ማስታወሻው ስለ ዳታ መጥፋት፣ ስለ ዳታ መበላሸት ወይም ጤነኛ ዲስክ ከሬይድ ስለ መውጣቱ የሚያወራ ከሆነ አዘምኑ። የሚያወራው እናንተ ጋ ስለሌለ ሞዴል ወይም ስለ አዲስ ባሕርይ ብቻ ከሆነ ይቆይ። ሌላ የጥገና ቀን ሲመጣ አብሮ ይሠራል።

የመጨረሻው ቨርዥን ሁሌ ምርጡ አይደለም። ኤልኤስአይ 9211 የተባሉትን የዲስክ ማገናኛ ካርዶች የሚያውቁ ይህን ያስታውሳሉ። ፒ20 የተባለው ፈርምዌር የመጀመሪያ እትሞቹ ችግር ነበረባቸው፤ ሰው እምነት የጣለበት 20.00.07.00 ሲወጣ ነው። ስለዚህ አጣዳፊ ካልሆነ አዲስ ፈርምዌር ጥቂት ሳምንት እንዲቆይ እመርጣለሁ። ሌሎች ሲጭኑት የሚገጥማቸው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሰማል።

አጣዳፊ ሲሆን ግን ቀኑን ቁጠሩ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ስለ ራሱ ከሚመዘግበው የስማርት መረጃ ይነበባል። ከሬይድ ካርድ (ሬይዱን ከሚያስተዳድረው ካርድ) ጀርባ ያለ ዲስክም ቢሆን ስማርትሲቲኤል የተባለው ፕሮግራም በካርዱ አልፎ ሊጠይቀው ይችላል። ለምሳሌ 32,768 ላይ የሚቆም ዲስክ 31,000 ሰዓት ቢያሳይ የቀራችሁ 1,768 ሰዓት ነው። ወደ 73 ቀን ገደማ ማለት ነው። በረጋ መንፈስ አቅዶ ለመሥራት በቂ ጊዜ ነው። የቀረው አንድ ሳምንት ቢሆን ግን ምርጫችሁ ይጠባል።

ሰርቨሩ እየሠራ ማዘመን

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ ላይ እንዳላችሁ የአምራቹን መሣሪያ ታስኬዳላችሁ፤ ፈርምዌሩ ወደ ዲስኩ ይሄዳል። ተጠቃሚ የሚያውቀው ነገር የለም። ሁሉም ደህና ከሄደ ማለቴ ነው።

ችግሩ ዲስኩ አዲሱን ፈርምዌር ሲቀበልና ሲነሳ ለተወሰኑ ሰከንዶች ዝም ማለቱ ነው። ካርዱ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያን ዝምታ እንደ ሞት ሊቆጥረው ይችላል። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው። ስምንት ዲስክ ያለው ሬይድ 5 ነበር። ሥራ የሌለበት ሰዓት መርጬ ማታ ጀመርኩ። የሌሊቱ ባክአፕ በዚያው ሰዓት እንደሚነሳ ግን ልብ አላልኩም። ሦስተኛው ዲስክ ላይ ስደርስ ዲስኩ ከባድ ጽሕፈት መሀል ዝም አለ። ካርዱም አስወጣው። ዲስኩ ደህና ነበር፤ ፈርምዌሩም በትክክል ገብቶ ነበር። ግን ከሬይዱ ወጥቷልና ሪቢልድ፣ ማለትም ዳታውን ከሌሎቹ ዲስኮች እንደገና መገንባት፣ ተጀመረ። ሬይድ 5 የሚሸከመው የአንድ ዲስክ መጥፋት ብቻ ነው። እስኪነጋ ድረስ ፐርሰንቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። በዚያ ሌሊት ሌላ አንድ ዲስክ ቢሄድ የሰባት ሰው የዓመታት ሥራ አብሮ ይሄድ ነበር። ያን ሌሊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሳታና ሳስ ዲስኮች ላይ፣ በተለይ ከሬይድ ካርድ ጀርባ ካሉ፣ ሰርቨሩ እየሠራ ማዘመንን የመጨረሻ ምርጫዬ አደርገዋለሁ። ኤችዲፓርም የተባለውን የሊኑክስ መሣሪያ ተመልከቱ። ፈርምዌር ለመጫን ሁለት ማረጋገጫ ካልጻፋችሁለት አይንቀሳቀስም። አንዱ «የማደርገውን አውቃለሁ»፣ ሌላው «እባክህ ዲስኬን አጥፋልኝ» የሚል ትርጉም አለው። የመሣሪያው ጸሐፊ ይህን ያስገባው አደጋውን ስለሚያውቅ ነው።

አንድ የሚያቀል ነገር አለ። አዳዲስ የሳታና የሳስ ዲስኮች ፈርምዌሩን አሁን ተቀብለው ሥራ ላይ ማዋሉን ለበኋላ ማቆየት ይችላሉ። መጫኑን ቀን ትጨርሳላችሁ፤ የሚነቃው ግን በቀጠሮ ሪስታርት ሲደረግ ነው። ዲስኩና መሣሪያው ይህን ከደገፉ ይህን ምረጡ።

ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት ግን ለየት ይላል፤ እዚህ ላይ ፍርሃቴ ይቀንሳል። የኤንቪኤምኢ ደረጃ (ስታንዳርድ) ራሱ ለፈርምዌር እስከ 7 ስሎት (ማስቀመጫ ቦታ) ይፈቅዳል። አዲሱ በአንዱ ስሎት ሲገባ የድሮው በሌላው ሊቆይ ይችላል። መጫኑና ማንቃቱም ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። አንዳንድ ዲስኮች ሪስታርት ሳይፈልጉ ይነቃሉ፤ ለመንቃት ቢበዛ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅባቸውም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊናገሩ ይችላሉ። እሱም ያን ያህል ይጠብቃቸዋል።

ሆኖም ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ብዙ ስሎት በደረጃው ተፈቀደ ማለት ዲስካችሁ አለው ማለት አይደለም። አንድ ብቻ ያላቸው አሉ። ኤንቪኤምኢ ሲኤልአይ የተባለው መሣሪያ የፈርምዌር ሎጉን ያሳያችኋል። ሁለተኛ፣ የድሮው ፈርምዌር በስሎቱ ስላለ ብቻ መመለስ ይቻላል ብላችሁ አትተማመኑ። ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክሉ ፈርምዌሮች አሉ። ይህም በለውጥ ማስታወሻው ላይ ይጻፋል።

ሰርቨሩን አቁሞ በቡት ሚዲያ ማዘመን

እዚህ ሰርቨሩ ከዩኤስቢ ወይም ከአይኤስኦ (የዲስክ ምስል ፋይል) ቡት ያደርጋል። ዳታችሁን ማንም አይነካም። ፋይል ሲስተሙ አልተከፈተም፤ ዳታቤዙ አልተነሳም። ዲስኩ ግማሽ ደቂቃ ዝም ቢል የሚደነግጥ የለም። ከላይ የነገርኳችሁ ዓይነት ሌሊት በዚህ መንገድ አይመጣም ለማለት ይቻላል።

ዋጋው ሰርቨሩ መቆሙ ነው። ያን መቆም ማስፈቀድ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ሰርቨር ብቻ ላለውና ዳታው ሁሉ እሱ ላይ ለሆነ ሰው ይህን ከመምከር ሌላ አልመክርም። ታቅዶ የመጣ የሁለት ሰዓት መቆም ሳይታሰብ ከሚመጣ የሁለት ቀን መቆም በብዙ ይሻላል።

ይህ መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙዎቹ የአምራች አይኤስኦዎች ያገኙትን ሁሉ በአንድ ላይ የማዘመን ምርጫ አላቸው። ባዮሱን፣ ካርዱን፣ ስምንቱንም ዲስክ። ፈርምዌሩ እንደ 2009ኙ ችግር ያለበት ቢሆን ስምንቱም አብረው ይሄዳሉ። የኤችፒኢው ጥቅል ለምሳሌ አውቶማቲክ እና ራሳችሁ የምትመርጡበት የሚባሉ ሁለት አካሄዶች አሉት። ሁለተኛውን ምረጡ። መጀመሪያ አንድ ዲስክ ብቻ። ሰርቨሩን አንሱ፤ ሬይዱ ሙሉ መሆኑን እዩ። ከዚያ ቀሪዎቹን።

በርቀት መቆጣጠሪያው ማዘመን

የዴል አይድራክ፣ የኤችፒኢ አይሎ፣ የሌኖቮ ኤክስክላሪቲ ኮንትሮለር ከሰርቨሩ ተለይተው የሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። ፋይሉን ትሰጧቸዋላችሁ፤ በቀጠሮ ሪስታርት ላይ ይጭኑታል። ከአደጋ አንጻር ለቡት ሚዲያ ይቀርባል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሥራው የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይነሳ ነው። ሰርቨሩ ሩቅ ቦታ ላለበት ሰው ደግሞ የተሻለ መንገድ የለም።

እዚህ ሰዎች የሚያደባልቁት አንድ ነገር አለ። ፋይሉን ወደ መቆጣጠሪያው መጫንና አይኤስኦን በቨርቹዋል ሚዲያ ከላፕቶፕ ማውንት ማድረግ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። በመጀመሪያው ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። ኔትወርኩ ቢቋረጥ የሚጎዳ ነገር የለም። በሁለተኛው ግን ሰርቨሩ የሚያነበው በኔትወርኩ በኩል ካለው የእናንተ ላፕቶፕ ነው። መስመሩ መሀል ላይ ቢቆረጥ የማዘመኛው ፕሮግራም የሚያነበውን ያጣል። ቨርቹዋል ሚዲያ የግድ ከሆነ አይኤስኦውን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ኔትወርክ ባለ ማሽን ላይ አስቀምጡት።

ደግሞ መቆጣጠሪያው ሁሉንም ዲስክ ላያይ ይችላል። በተለይ ሌላ ቦታ ተገዝተው የተገጠሙትን።

አንድ በአንድ፣ ኖድ በኖድ

ዳታው ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ላለው ሰው የእኔ ተመራጭ ይህ ነው። ቀርፋፋ ነው። ግን ለጥያቄዬ ጥሩ መልስ አለው። መሀል ላይ ቢበላሽ የሚበላሸው አንድ ዲስክ ወይም አንድ ኖድ (በክላስተር ውስጥ ያለ አንድ ሰርቨር) ነው፤ ሌላው ይቀራል።

ዜድኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ ዲስኩን ከፑሉ (ከዲስኮቹ ስብስብ) ኦፍላይን ታደርጉታላችሁ። ታዘምኑታላችሁ። ኦንላይን ትመልሱታላችሁ። ዜድኤፍኤስ የሚያስተካክለው ዲስኩ በሌለበት ጊዜ የተጻፈውን ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ይህ ከሬይድ ካርዱ ሙሉ ሪቢልድ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እፎይታ ነው። የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን አትንኩ። ሚረር (ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ዳታ የሚይዙበት) ከሆነ ጥንዶቹን በአንድ ቀን አለማዘመን ይሻላል።

ዳታን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በሚያከፋፍለው ሴፍ ላይ መጀመሪያ ኖአውት የሚባለውን ምልክት ታደርጋላችሁ። ካላደረጋችሁ አንድ ኖድ ትንሽ ሲዘገይ ክላስተሩ «ይህ ሞቷል» ብሎ ዳታውን ወደ ሌሎች ማመላለስ ይጀምራል። ኖዱን ታቆማላችሁ፣ ከቡት ሚዲያ ታዘምናላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። የክላስተሩ ጤንነት ሙሉ እስኪሆን ትጠብቃላችሁ። ሁሉም ሲያልቅ ኖአውትን ማንሳት እንዳትረሱ። ከተረሳ፣ ቆይቶ ዲስክ በእውነት ሲሞት ክላስተሩ ራሱን አይጠግንም።

ቪሳን በሚባለው የቪኤምዌር ስቶሬጅ ላይ የሚወስነው ፈርምዌሩ ብቻ አይደለም። ፈርምዌሩና ድራይቨሩ እንደ ጥንድ ነው የሚፈቀዱት። ከፈቃድ ዝርዝሩ ውጭ የሆነ ጥንድ ከጫናችሁ አዲስነቱ አይጠቅማችሁም።

ይህን መንገድ ስትመርጡ በኖዶች መካከል ዕረፍት ስጡ። እኔ አጣዳፊ ካልሆነ ከመጀመሪያው ኖድ በኋላ አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። ሲጫን የማይታይ ችግር ከባድ ሥራ ሲመጣ ይታያል።

ባለ ሁለት ኮንትሮለር ስቶሬጅ

አምራቹ ያለ ማቋረጥ ይሻሻላል ይላል፤ በአብዛኛውም እውነት ነው። አንዱ ኮንትሮለር ሲዘምን ሌላው ሁሉንም ይሸከማል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ሰርቨር በሁለቱም መንገድ መገናኘቱን አረጋግጡ። አንድ ገመድ ከወራት በፊት ተነቅሎ ማንም ሳያውቅ የቀረ ሰርቨር ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ያ ሰርቨር ነው የሚወድቀው። ደግሞ ሁለቱም ኮንትሮለሮች ከግማሽ በላይ ሥራ ላይ ከሆኑ አንዱ ብቻውን አይችለውም። ጭነቱ ቀለል የሚልበትን ሰዓት ምረጡ።

ሬይድ ካርዱ ራሱ

የካርድ ፈርምዌር ከዲስክ ይለያል። አንድ በአንድ የሚባል ነገር የለም፤ ካርዱ አንድ ነው። ስለዚህ እዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ሰርቨሩን አቁሙና አዘምኑ።

ሦስት ነገር አስቀድማችሁ አድርጉ። የካርዱን ኮንፊገሬሽን ወደ ፋይል አውጡ። ካሹ (የካርዱ ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ ወደ ዲስክ ያልተጻፈ ዳታ አለመኖሩን እዩ፤ ሰርቨሩን በደንብ ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይህን ይጨርሳል። የካሹ ባትሪ ጤነኛ መሆኑንም ተመልከቱ። ካርዱ ሪቢልድ ወይም ፍተሻ ላይ ከሆነ እስኪጨርስ ጠብቁ። አሁን ያለው ቨርዥን በጣም አሮጌ ከሆነም ቀጥታ ወደ አዲሱ መዝለል ላይቻል ይችላል። መሀል ላይ የሚረገጥ ቨርዥን ካለ መመሪያው ይነግራችኋል።

ከዘመነ በኋላ ካርዱ ዲስኮቹን «የሌላ ሰው ናቸው» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ፎሪን ኮንፊገሬሽን ይለዋል። ተረጋጉ። አስገባ የሚለውን ነው የምትመርጡት፤ አጥፋ የሚለውን አይደለም። አዲስ አሬይ መፍጠርም አያስፈልግም።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ

ባክአፕ በሌላ ማሽን ላይ መኖር አለበት። እዚያው ካርድ ላይ ያለ ባክአፕ ለዚህ ሥራ ባክአፕ አይደለም። ከባክአፑም አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ በዩፒኤስ ይሁን። ፈርምዌር እየተጻፈ መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ላይመለስ ይችላል።

ፈርምዌሩን ዲስኩ ላይ ስሙ ከታተመው ሻጭ ውሰዱ። ዴል የሸጠላችሁ ዲስክ ውስጡ የሲጌት ቢሆንም የሚቀበለው የዴልን ፈርምዌር ነው። የአምራቹን አጠቃላይ ፈርምዌር በግድ ለማስገባት የሚደረገው ትግል ዲስክ ይገድላል። የሞዴል ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ፊደል አነጻጽሩ።

ለማን የትኛው?

አንድ ሰርቨር፣ ሬይድ 5፣ ሌላ ኮፒ የለም ከሆነ፦ ባክአፕ፣ ከዚያ ቡት ሚዲያ፣ መጀመሪያ አንድ ዲስክ። ሬይድ 6 ቢሆንም መንገዱ ያው ነው፤ የሁለት ዲስክ መጥፋት ስለሚችል ልባችሁ ትንሽ ይረጋል እንጂ።

ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ፦ ፋይሉን ወደ መቆጣጠሪያው ጭናችሁ በቀጠሮ ሪስታርት። የሚነካ ሰው በቦታው ባለበት ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ክላስተር ወይም ዜድኤፍኤስ ሚረር ከሆነ፦ አንድ በአንድ፣ በዕረፍት።

ኤንቪኤምኢ ብቻ ከሆነና ከአንድ በላይ ስሎት ካለው፦ ሰርቨሩ እየሠራ መጫን ይቻላል፤ ማንቃቱን ግን ለጸጥታ ሰዓት አቆዩት።

ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው አጣዳፊ ችግር ከሆነ፦ ዕረፍቱን አሳጥሩ፤ ባክአፑን ግን አትዝለሉ። ከተቻለ ከዲስኮቹ ግማሹን በተለያየ ዕድሜ ባላቸው ተኩ። እንዲህ ካደረጋችሁ ቀጣዩ የሰዓት ስህተት ሁሉንም በአንድ ቀን አያገኛቸውም።

ሲያልቅ በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ቨርዥኑን አንብቡ። ፕሮግራሙ «ተሳክቷል» ስላለ ብቻ አትሂዱ፤ አንድ ዲስክ በድሮው ቀርቶ አግኝቻለሁ። ዜድኤፍኤስ ከሆነ ስክራብ፣ ሬይድ ካርድ ከሆነ ኮንሲስተንሲ ቼክ አስኬዱ፤ ሁለቱም ዳታውን አንብበው የሚያጣሩ ናቸው። ከዚያ የእያንዳንዱን ዲስክ ሴሪያል ቁጥር፣ የፈርምዌር ቨርዥንና የሠራበትን ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ ጻፉና ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጡት። የሚቀጥለው ማሳሰቢያ ሲወጣ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው።